ድጓው ሥጋ ቤት የገባ ዕለት

የምተርክላችሁ ነገር የሆነው በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ከእንጦጦ ላይ አልነሣ ብሎ በሰነበተበት ሰሞን ነው። ያን ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከትልቁ በር አጠገብ፣ ጃንጥላ ይዤ ቆሜ ነበር የማስቀድሰው። ሴቶች አንባቢዎቼ ለምን ውጭ እንደቆምኩ ገብቷችኋል። ወንዶች ደግሞ እናቶቻችሁን ጠይቁ። በየወሩ በእነዚያ ቀናት ከቅጥሩ አንገባም፤ ንዋየ ቅድሳትም አንነካም። እናቴ እንዲህ አድርጋ አሳድጋኛለች፤ አዲስ አበባ ከመጣሁም በኋላ አንድም ጊዜ አላጓደልኩም።

ጽጌ እባላለሁ። የተወለድኩት ጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ ነው። ለሥራ ወደዚህ ከተማ ስመጣ መጀመሪያ የተከራየሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ ነበር። በኋላ መሪ ኮንዶሚኒየም ብገባም የንስሐ አባቴ እዚያው ስለሆኑ ቤተ ክርስቲያኔን አልቀየርኩም። ከፈረንሳይ በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ያለች ትንሽ ደብር ናት። ሥራዬ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተጎዱ መጻሕፍትን መጠገን ነው፤ የተፈታ ጥራዝ እሰፋለሁ፣ የተቀደደ ቅጠል እለጥፋለሁ። ውኃ የገባባቸውን መጻሕፍት ስለማዳን አንድ ሥልጠና ወስጄ ነበር። እዚያ ነክረን የተለማመድንበት መጽሐፍ ማንም የማይፈልገው አሮጌ የስልክ ማውጫ ነበር።

በደብሩ ውስጥ ከንስሐ አባቴ በቀር ይህን ሥራዬን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አስቀድሼ፣ ተሳልሜ እሄዳለሁ፤ ማንም ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ተናግሬ አላውቅም። እንዲያውም በዚያ ዓመት ከተማው አልተቀበለኝም ብዬ፣ ለመስቀል አገሬ ስገባ ጠቅልዬ ልቀር ቆርጬ ነበር።

አሁን ስለ የኔታ ፍሥሐ ልንገራችሁ። በግቢው ውስጥ ዜማ የሚያስተምሩ አረጋዊ መሪጌታ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊደል አያዩም። የሚኖሩባት ክፍል ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከድጋፍ ግንቡ ሥር ናት። እዚያች ክፍል ውስጥ በወጣትነታቸው ዓመታት ፈጅተው በገዛ እጃቸው የጻፉት ድጓ አለ፤ የዓመቱ ዜማ በሙሉ ከነምልክቱ የሰፈረበት ትልቅ የብራና መጽሐፍ። ከእሱ ጋር ከመምህሮቻቸው አፍ የለቀሙት ቅኔ በወረቀት ደብተሮች ተጽፎ፣ ከደጃፉ በሚታይ አንድ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ተማሪዎቻቸው የሚማሩት ከዚያ ነው። ያ ቢጠፋ እንደገና ልጻፍ እንዳይሉ ዓይን የለም።

ቅዳሴው ተጋምሶ ሳለ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ እንደ ነጋሪት መጮህ ሲጀምር የቀዳሹ ድምፅ ጠፋብኝ። ከግንቡ በላይ ያለው ቦይ በባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት ተደፍኖ ኖሮ፣ ውኃው ግንቡን ዘልሎ ቡናማ ሆኖ ወረደ። ዓይኔ እያየ የየኔታን በር ገፍቶ ገባ።

"አባባ ገብሬ! አባባ ገብሬ!" ብዬ ዘበኛውን ጠራሁ።

ላስቲክ ራሳቸው ላይ ደፍተው ከጎጇቸው ብቅ አሉ። "ምን ሆንሽ ልጄ? በረዶ ነው፣ ያልፋል!"

"የየኔታ ቤት ውኃ ገባ! መጻሕፍቱ!"

ዞር ብለው አዩ፤ በዕድሜያቸው ያልጠበቅሁትን ሩጫ ሮጡ። ወዲያው ከቤተ ክርስቲያኑ የጀርባ በር ሦስት የቆሎ ተማሪዎች ይዘው ተመለሱ። ከፊት የነበረው ዲያቆን ሀብታሙ፣ የየኔታ ትልቁ ተማሪ ነው። ጭቃው ውስጥ ገቡ። ሣጥኑ መሬት ላይ የተቀመጠ ስለነበር ውኃው እላዩ ድረስ ሄዶበት ነበር። ሀብታሙ ድጓውን እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ፤ ከማኅደሩ፣ ከቆዳ መያዣው ማለቴ ነው፣ ውኃ ይንጠባጠባል። ሌሎቹ ደብተሮቹን በክንዳቸው ተሸክመው ተከተሉት።

እግዚአብሔር ይመስገን ልል አፌን ስከፍት የሚሄዱበትን አቅጣጫ አየሁ። ወደ ቤተ ልሔም ነው፤ የመሥዋዕቱ ኅብስት ወደሚጋገርበት ቤት። ጭስ ከክዳኑ ይወጣል። ፍሙ ገና አልጠፋም።

እርጥብ ብራና ቆዳ ነው። እሳት ዳር ሲያስቀምጡት ይኮማተራል፣ ቅጠሎቹ ሙጫ ሆነው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ እንጂ መጽሐፍ አይባልም። ለእነሱ ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም፦ ደረቅ ነው፣ ሞቃት ነው፣ የተቀደሰ ነው።

"ሀብታሙ! ወደ እሳት እንዳትወስደው!"

ቆም አለ። "እርጥብ ነገር ታዲያ በምን ይደርቃል እህቴ? በረዶ ላይ ላስጣው?"

"አዎ! በረዶ ይሻለዋል!"

ተማሪዎቹ ተያዩ። "በረዶው አናቷን መታት መሰለኝ" አለ አንደኛው።

"ሥራዬ ነው! መጽሐፍ ነው የምጠግነው! በእሳት ከደረቀ አለቀለት፤ በኋላ ማንም አያድነውም!"

"እንግዲያው ግቢና አሳዪን!" አለ ሀብታሙ ተቆጥቶ። "እኛ ጭቃ ውስጥ ተዘፍቀን አንቺ ጃንጥላ ይዘሽ ታዢናለሽ? ጫማሽ እንዳይጨቀይ ነው?"

ምን ልበል? ሦስት ጎልማሶችና አንድ አዛውንት እያዩኝ ነው። አንድ እግሬ ከደፉ ላይ ነበር፤ ሌላው ከውጭ። ብገባ ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩትን እጥሳለሁ፤ ባልገባ የሽማግሌው ድጓ ፊቴ ይጠበሳል። ሀብታሙ መልስ ሲያጣ ራሱን ነቅንቆ መንገዱን ቀጠለ። የቤተ ልሔሙን በር አንደኛው ተማሪ ከፍቶ ያዘለት።

"የኔታን ጥሩልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "እሱን ሳታስገቡ የኔታን ጥሩልኝ! ስለ እመቤታችን!"

ይህን ስል ሀብታሙ እንደገና ቆመ። የኔታም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጩኸቱን ሰምተው ኖሮ በመቋሚያቸው እየዳበሱ መጡ። አባባ ገብሬ ክንዳቸውን ይዘው እስከ በሩ አደረሷቸው። ከእኔ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ቆሙ፤ በረዶው በነጠላቸው ላይ ይረግፋል።

"ድጓዬን እሳት ይበላዋል ያልሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ የኔታ።"

"ታውቂያለሽ ወይስ ትገምቻለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምነው አትገቢም?"

"አልችልም የኔታ።"

"አትችይም?"

"ዛሬ አልችልም።"

ከዚያ አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። "እሺ" አሉ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ። ወደ ኋላ ዞረው ግን እንደ አስተማሪ ጮኹ፦ "ሀብታሙ! መጻሕፍቱን ሁሉ ወዲህ አምጣ። ከበር ውጭ!"

"ኧረ የኔታ፣ ዝናብ ላይ?"

"እሷ ካልገባች እነሱ ይውጡላት።"

"የኔታ..." አልኩ በሹክሹክታ፣ "መንካትም አልችልም።"

"አንቺ ተናገሪ። እጅ እነዚህ አላቸው።"

ከበሩ ውጭ ጧፍና ሻማ የሚሸጡት እናቶች ዝናቡን ሸሽተው ስለገቡ ሸራቸውና ጠረጴዛቸው ባዶ ነበር። እዚያ ሥር ተሰበሰብን። አንዱን ተማሪ ቁልቁል ወዳለው ዳቦ ቤት ላክሁት፤ ትሪ ላይ የሚያነጥፉትን የማይጣበቅ ወረቀትና ባዶ የፕላስቲክ ሳጥኖች ይዞ ተመለሰ። እኔ እጄን ከጀርባዬ አቆላልፌ መናገር ጀመርኩ።

"ድጓውን ከማኅደሩ አውጣው። ማኅደሩ ሲደርቅ ይጠብና ይጨምቀዋል። ቀስ... አታራግፈው!"

"ልክፈተውና ውስጡን ልየው?"

"እንዳትከፍት!"

"ጭቃ ቢኖርስ?"

"ይኑር። ጭቃው በኋላም ይወጣል። ቅጠሉ ከተቀደደ ግን ተቀደደ ነው።"

"ደብተሮቹስ? ተጣብቀዋል።"

"አትነጣጥላቸው፤ እንደተጣበቁ አንድ ላይ ጠቅልላቸው። ጀርባቸው ወደ ታች ይሁን። ሳጥኑን አትጠቅጥቀው፣ በመሀላቸው እጅህ ይግባ።"

ሀብታሙ ወረቀቱን አጥፎ አጥፎ አንዱን ደብተር አሸገና አየው። "ሳንቡሳ እየሠራን እኮ ነው" አለ። ከተቆጣኝ ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያ ደግ ድምፅ ነበር።

ቀጥሎ ያነሣው ደብተር ላይ ግን ሁሉም ዝም አለ። ከጥጉ ሰማያዊ ውኃ እየወረደ በጣቶቹ መሀል ይንጠባጠባል።

"ምን ዝም አላችሁ?" አሉ የኔታ።

"ከአንዱ ደብተር ቀለም እየወጣ ነው የኔታ።"

"ከየትኛው?"

"ወፍራሙ። ሽፋኑ ጨርቅ የሆነው።"

የኔታ መቋሚያቸውን በሁለት እጅ ያዙ። "የመምህሬ ቅኔ ነው" አሉ። "ፈጥነህ ጠቅልለው" አልኩት ሀብታሙን።

ድጓውን ለመጨረሻ አቆየነው። ሁለት ተማሪዎች ከሁለት በኩል ሊያነሡት ሲሉ፣ በውኃ የላላው የጀርባው ስፌት ተበጠሰ። የላይኛው ገበታ፣ የእንጨት ሽፋኑ፣ በአንዱ እጅ ቀረ፤ ጥራዞቹ ግን ተያይዘው በጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ጭቃው ተንሸራተቱ።

እጄ ከሐሳቤ ቀደመ።

ሁለት መዳፌ ላይ አረፈ። ከባድና ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደ ዓሣ ያሟልጫል። ከደረቴ ጋር ደግፌ ያዝኩት። የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም።

"ምንድነው? ወደቀ?" አሉ የኔታ።

ሁሉም ወደ ሀብታሙ ዞረ።

"ጠየቅኋችሁ እኮ! ወደቀ ወይ?"

"አልወደቀም የኔታ" አለ ሀብታሙ፣ እጆቼን እያየ።

"ማን ያዘው?"

"እ... እሷ።"

ያች ዝምታ ከበረዶው ይልቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለች። የኔታ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። "ልጄ፣ ደህና አድርገሽ ይዘሽዋል?"

"ይዤዋለሁ።"

"እንግዲያው እንዳትለቂው። ሀብታሙ፣ ወረቀቱን ከሥሩ አስገባ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?"

ቅዳሴው ተጠናቆ ሰው ሲወጣ ሳጥኖቹ ሸራው ሥር ተደርድረው ነበር። ሰዉ ከበበን። ቀጣዩን ነገርኳቸው፦ ዛሬውኑ መቀዝቀዝ አለባቸው። በረዶ ሆነው ከጠነከሩ ሻጋታው አይነሣም፣ ቀለሙም ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ ጊዜ ወስደን አንድ በአንድ እናደርቃለን። እንዲሁ ካደሩ ግን በሁለት ቀን ሻጋታ ይወርሳቸዋል። መሥሪያ ቤቴ ከከተማው ማዶ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው፣ ከፈረንሳይ ወዲያ ያለው መንገድም ጎርፍ ሞልቶበታል ተባለ። የቤት ፍሪጅ ደግሞ አንዱን ሳጥን እንኳ አያስገባም።

"ማቀዝቀዣ ከሆነማ እኔ አለኝ" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ጋሽ ደምሴ ነው፤ ፈረንሳይ ላይ ሥጋ ቤት ያለው። "ጾሙ ከገባ ባዶውን ተነቅሎ ቆሟል። ፒካፔም እዚሁ ናት።"

ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የሀብታሙ ፊት ቀላ። "ጋሼ፣ ድጓ ሥጋ ቤት ይግባ ነው የሚሉት? በፍልሰታ?"

"በቅበላው ማግስት በፈላ ውኃ አጥቤ ነው የዘጋሁት!"

"ቢታጠብም ሥጋ ቤት ሥጋ ቤት ነው።"

"ታዲያ ፋርማሲ ውሰደው!" አለ ጋሽ ደምሴ ተናዶ።

ማጉረምረም ተነሣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ጭንቅ አለኝ። ትክክለኛው እሱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን በአንድ ቀን ስንቱን ላስጥስ? ሁሉም የኔታን አየ። የኔታ ጢማቸውን ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ውኃውን አወጡ።

"ሀብታሙ፣ ድጓው በምን ላይ ነው የተጻፈው?"

"በብራና ነዋ የኔታ።"

"ብራናው ምን ነበር?"

"የ... የፍየል ቆዳ።"

"እኔ ነኝ ወጥሬ የፋቅሁት፤ አንድ መንጋ ፍየል ነው። ዘመዶቹ ቤት ጥቂት ቀን ቢሰነብት ማን ይከለክለዋል? ጫኑ!"

መጀመሪያ የሣቀው ጋሽ ደምሴ ነው፤ ከዚያ ሁሉም። ሀብታሙ ሳይሥቅ የመጀመሪያውን ሳጥን አነሣ።

ሥጋ ቤቱ ደርሰን ማቀዝቀዣው ተሰካ። ውስጡን ንጹሕ ሸራ አነጠፍንበትና ሳጥኖቹን አሰናድተን ዘጋን። ሞተሩ ማጓራት ሲጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አልኩ። ገና ከመቀመጤ ጸጥ አለ። መብራት ጠፋ።

"በዚህ ዝናብ የጠፋ መብራት ነገም አይመጣ" አለ ጋሽ ደምሴ። ማቀዝቀዣው ገና ለብ እንዳለ ነበር። እርጥብ መጻሕፍት፣ ዝግ ሣጥን፣ ሙቀት፤ ለሻጋታ ከዚያ የበለጠ ድግስ የለም። እኔ ነኝ እዚህ ያስገባኋቸው። ከእሳት አውጥቼ እንዲበሰብሱ አሽጌ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። የኔታ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሀብታሙ ደግሞ ያየኛል። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ከጎን ያለው ሱቅ የከድር ነው፤ የስልጤ ሰው። ጄኔሬተሩን አስነሥቶ በሩ ላይ ብቅ አለ። "ጋሽ ደምሴ! በጾም ሥጋ ሸሽገው ሊሸጡ ነው እንዴ? ይህ ሁሉ ሰው ለምንድነው?"

"የየኔታ መጻሕፍት ናቸው። ጎርፍ ገብቶባቸው ልናቀዘቅዛቸው..."

"የአላህን ቃል ይዛችሁ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብላችኋል? ገመዱን ወርውሩልኝ!"

የራሱን የወተት ማቀዝቀዣ ነቅሎ የእኛን ሰካ። ሞተሩ እንደገና ሲነሣ ሀብታሙ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

በማግስቱ ክዳኑን ገለጥ አድርጌ ጥግ ላይ ያለውን አንዱን ጥቅል በጣቴ መታሁት። እንደ እንጨት ቋ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅምና ዝም ያለ ሥራ ነው። በሳምንቱ አጋማሽ ሳጥኖቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደ መሥሪያ ቤቴ ማቀዝቀዣ አዛወርናቸው። በየተራ እያወጣን፣ ውኃ የሚመጥ ወረቀት እያነጠፍን፣ ብራናውን ቅጠል በቅጠል በዝግታ ወጥረን አደረቅን። ሀብታሙ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ይረዳኝ ነበር። ስለ ጫማዬ ስለተናገረው ነገር አንድ ቀን ይቅርታ ሊጠይቀኝ ጀምሮ ጆሮው ቀላና ተወው። እኔም አላስጨረስኩትም። ድጓውን ስለመንካቴ ደግሞ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ያሉኝን ለራሴ ልያዘው።

ለመስቀል ጨንቻ ሄድኩ፤ ከበዓሉ በኋላ ግን ተመለስኩ። እናቴ "ጠቅልዬ እመጣለሁ ያልሽውስ?" ስትለኝ "ሥራ አለብኝ" አልኳት። ወገኖቼ፣ እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ የጋዙን ማጥፊያ ሁለት ጊዜ ሳላይ ከቤት አልወጣም። ጥንቃቄ ማለት ግን ራቅ ብሎ መቆም፣ አለመንካት፣ አለመጠየቅ ይመስለኝ ነበር። ስንት ዓመት ከእነዚያ መጻሕፍት ጥቂት እርምጃ ርቄ ቆሜ፣ ሣጥኑ መሬት ላይ መቀመጥ የለበትም ብዬ ለአንድ ሰው ሳልናገር ኖርኩ። ማንም አልጠየቀኝማ! ዛሬ በየደብሩ ልጠየቅ አልጠየቅ እናገራለሁ፦ ሣጥኑን ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ የረጠበውን አትክፈቱ፣ ወደ እሳት አትውሰዱ። እናንተም ቤታችሁ አንድ የአባት መጽሐፍ ካላችሁ ለእናንተም ብያለሁ። ሥርዓቴንም አልተውኩም። በእነዚያ ቀናት ዛሬም ከበር ውጭ ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ ከበሩ ውስጥ ያለው ነገር አያገባኝም ማለቱን ግን ትቼዋለሁ።

ሥራው ሲያልቅ የኔታ ከሀብታሙ ጋር መጡ። ድጓውን ፊታቸው ዘረጋሁት። ጥቁሩ ቀለም እንዳለ ነው፤ ቀዩ በአንዳንድ ገጽ ላይ ፈስሷል፤ ያንንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ጣታቸውን ብራናው ላይ አሳርፈው በወጣትነታቸው በወስፌ ያሰመሩትን መስመር ፈለጉ፤ አገኙት። ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ቆዳው አልተኮማተረም፣ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ ጥቂት አዜሙና አቆሙ።

"የመምህሬ ደብተርስ?"

"ከፊሉ ተነቧል የኔታ። ከፊሉን ቀለሙ ሄዶ አላገኘሁትም።"

ከዚያ ሀብታሙን ጻፍ አሉት። የጠፋውን ቅኔ ከቃላቸው ይሉለት ጀመር። አንዱን ጨረሱ፤ ሌላውን ጀምረው መሀል ላይ ቆሙ፤ እንደገና ከላይ ጀመሩ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ። ጣታቸው ጠረጴዛውን መታ፣ መታ።

"ይህቺ ቃል የለችኝም" አሉ በመጨረሻ። "መስመሯን ተውላት። ሌላ የመምህሬ ተማሪ በሕይወት ካለ ይመልሳታል።"

ሀብታሙ ብዕሩን አንሥቶ ቀጣዩ መስመር ላይ አሳረፈ፤ የኔታም ቀጠሉ።